የመድኃኒት ጉንጭ

ሰው ሁሉ ጉንጯን እያየ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። የዳቦ ቤቷ ሻጭ፣ የሰፈሩ ዘበኛ፣ አምና ሰላምታዋን እንኳ የማይመልስላት ጫማ አዳሽ ሳይቀር። «ተስማምቶሻል!» «ወዛሽ እኮ!» «ምን ተገኘ? ለእኛም ሹክ በይን እንጂ!» እሷም በየደረሰችበት እየቆመች፣ ጥርሷን ነክሳ «ተመስገን» ማለት ታክቷታል። ጉንጩ የእሷ አይደለማ! የመድኃኒቱ ነው። እሷ ተሸካሚ ብቻ ናት።

ሴትዮዋ ኮሌታ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ውስጥ አንዱ እጅጌ ይገጥማል፣ አንዱ ቁልፍ ይተክላል፤ ኮሌታው ግን የሚያልፈው በእሷ እጅ ነው። ኮሌታ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አንዱ ጫፍ ረዝሞ ሌላው ካጠረ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ አንገቱ የተጣመመ ይመስላል። ድሮ እዚያ ቤት ስሟ «መርፌ» ነበር፤ ቀጭን ስለሆነችና ስለምትዋጋ። ዘንድሮ «ድንቡሼ» ሆናለች። ስሙን ያወጣችላት ልብስ ተኳሿ ናት፤ እግዜር ይይላት።

ሕመሙ ክሮንስ ይባላል። ይህን ስም እስክታገኝ ድረስ ያልዞረችበት ሐኪም ቤት የለም። አንዱ ጨጓራ ነው አላት፣ አንዱ ትላትል፣ አንዱ ደግሞ መነጽሩን አውልቆ «ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ዶክተር አንጀቷን በካሜራ አየችና ነገሩን ነገረቻት። የሰውነቷ ጠባቂ አብዷል፤ የገዛ አንጀቷን ሌባ ነው ብሎ ይደበድባል። ሌላው ሰው «አንጀቴ አረረ፣ አንጀቴ ቆሰለ» ሲል ለወግ ነው። የእሷ ግን በእውነት ቆስሎ ተገኘ። መቁሰሉ ሳያንስ አንድ ቦታ ላይ ጠቧል። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነውና ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቧንቧ ስከፍት፣ የቤቴ ቧንቧ ይዘጋ?»

የጠበበው ቦታ እንዳይደፈን ትናንሽ ነጫጭ ኪኒኖች ታዘዙላት። ስማቸው ፕሬድኒሶሎን ነው፤ እሷ «ነፊው» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሕመሙን ሲያስታግሱላት ልትስማቸው ደርሳ ነበር። ቆይተው ግን አመላቸውን አመጡ። ፊቷን እንደ ሊጥ ነፉት። አገጯ ላይ ጸጉር አበቀሉ። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሰው የሚጣላ ይመስላል። እንቅልፍ የለም። ረሃቡ ደግሞ የጅብ ነው፤ በልታ ሳትነሳ ይርባታል፣ የምትበላው ግን እንዳይዘጋባት ተላልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ ነው። ቁጣዋማ አይነሳ! አንድ ጠዋት ባሏ ካልሲ ወለል ላይ ጥሎ ቢወጣ ተከትላው እስከ መንገድ ድረስ ሄዳለች፣ ካልሲውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሕመሙ አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በር። ሲመጣ ማንንም አያስፈቅድም። «መጣሁ» ካለ መጣ ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ያለው መጸዳጃ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከኋላ ጥግ ነው። ከመጸዳጃው በር አጠገብ ሁለት ቦታ አለ። በአንደኛው የእሷ የስፌት መኪና ተቀምጧል። በሁለተኛው የአለቃው ጠረጴዛ፤ መስኮት አለዋ፣ ነፋስ ይገባል። አለቃውን ሁሉም በሌለበት «ሜትሩ» ይሉታል፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆት ስለማያውቅ ነው። ጉንጩ ሙሉ፣ ሆዱ ሙሉ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው፤ ግን ነገር አይገባውም። የመጸዳጃው የውሃ ማጠራቀሚያ ከተሰበረ ስንት ጊዜው። ባሏ መጥቶ ልጠግነው ቢል «ቆይ፣ ቆይ» እያለ አቆይቶታል። ውሃ በባልዲ ነው፤ ባልዲው ደግሞ የሚሞላው ፊት ለፊት በመግቢያው ካለው ቧንቧ ነው።

ያቺን የበር አጠገብ ወንበር ያገኘቻት በጭቅጭቅ ነው። ወንበሩ ላይ ከብጥስጣሽ ጨርቅ ራሷ የሰፋችው ትራስ አለ፤ መሃሉ ክብ ሆኖ ተቀድዷል። ሰዎቹ የቅንጦት ይመስላቸዋል። «ንግሥታችን ያለ ትራስ አትቀመጥም» ይላሉ። ትራሱ የተቀደደው አንጀቷ ውስጥ ተነስቶ እስከ ቆዳዋ የራሱን መንገድ የበሳ ቁስል ስላለ ነው። ዶክተሯ ፊስቱላ ትለዋለች። እሷ ስም አላወጣችለትም፤ ስም የሚወጣው ለወደዱት ነው።

ለሥራ ቤቱ ሰዎች ግን ይህን ሁሉ አልተናገረችም። «ጨጓራ ነው» ብላ አሳልፋዋለች። የመቀመጫ ቁስል በአደባባይ ይወራል እንዴ? ሆድ ይፍጀው አለች። ሆድ ደግሞ በራሱ ጉዳይ ተጠምዶ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስትገባ መኪናዋ በቦታው የለም። በእሷ ቦታ ላይ ቁልፍ ተካይዋ ተቀምጣለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሴትዮዋ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሙች! አለቃ ነው።» ልጅቷ ብድግ አለች። «ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል፤ ባለፈው ጨርቅ ላይ አስመለሰኝ፣ ከዚያ...»

«ቁጭ በይ፣ አንቺን አልተቆጣሁም።»

ሜትሩ ከጠረጴዛው ቀና አለ። «እንኳን ደስ ያለሽ! አንቺን ወደ ፊት አሳልፌሻለሁ። መግቢያው ጋ፣ ብርሃን ያለበት፣ መንገድ እያየሽ!»

«አለቃ፣ እኔ መንገድ ማየት አልፈልግም። ቦታዬን ነው የምፈልገው።»

«ያኔ ታመሽ ነበር፣ ሰጠንሽ። አሁን ደግሞ እሷ ናት የባሰባት። የተሻለው ወደ ፊት ይሂድ፣ የባሰበት ወደ በሩ ይምጣ። ፍርድ አይደለም?»

«አልተሻለኝም።»

«ኧረ እባክሽ!» ሳቀ። «ጉንጭሽን መስታወት ላይ አላየሽውም?»

ልብስ ተኳሿ ካውያዋን አንስታ፣ «ድንቡሼ፣ እኔ እንዳንቺ በታመምኩ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ታምሜያለሁ እያልኩ ነው!»

«ጨጓራ እኮ ነው» አለ ሜትሩ፣ በርኅራኄ። «ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? እኔስ የለብኝም? ወተት ጠጪበት።»

እዚህ ላይ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን የጨርቅ ቆራጩ ጎረምሳ ቆሞ እያያት ነው፤ የእጅጌ ገጣሚው እንዲሁ። ምን ትበል? አፏን ዘግታ ትራሷን ከልጅቷ ወንበር ላይ አንስታ፣ በብብቷ አቅፋ፣ ቤቱን ሙሉ አቋርጣ ወደ መግቢያው ሄደች።

ከመግቢያው እስከ በሩ ድረስ ያለው መንገድ በጨርቅ ጥቅል የተሞላ ነው። ያን ሳምንት በዚያ መሃል ስትሮጥ ያያት ሰው ሁሉ የሚስቅበት አገኘ። «ድንቡሼ ስፖርት ጀመረች!» አንዴ ደርሳ በሩ ተቆልፎ አገኘችው፤ ነፍሰ ጡሯ ውስጥ እያስመለሰች ነው። ቆመች። ግድግዳውን ያዘች። አልቻለችም። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ «ራሴን አመመኝ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ በእግሯ፣ በጀርባ መንገድ፣ ማንም እንዳያገኛት እየጸለየች። የዳቦ ቤቷ ሻጭ አገኘቻት። «ተስማምቶሻል እኮ!» አለቻት።

ቤት ስትደርስ ታላቅ እህቷ መጥታ ከባሏ ጋር ሻይ እየጠጣች ነው። ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ እስክትወጣ ድረስ እህትየው ስልኳን አዘጋጅታ ጠበቀቻት።

«ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ብርሃኑ ጋ ቁሚልኝ። ያለፈውን ፎቶሽን ለዘመድ ሁሉ ልኬው አክስታችን አይታ እልል አለች።»

«እታለም፣ ታምሜ እኮ ነው።»

«የታመመ ሰው እንዲህ ይነፋል?»

«አዎ! ይነፋል! እየነገርኩሽ! ኪኒኑ ነው የሚነፋ!»

«ታዲያ የሚያወፍር ኪኒን ምን ጠላሽበት? ሰው ስንቱን ይውጣል ለመወፈር።» እህትየው ፎቶውን አነሳች። የሴትዮዋ ፊት በቁጣ ቀልቶ ስለነበር ከበፊቱ ይበልጥ አምሮባት ወጣ።

እህትየው ከሄደች በኋላ ባሏ የሆነውን ሁሉ ሰማ። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ለአለቃሽ ሕመሙን በስሙ ለምን አትነግሪውም?» አላት።

«ምን ብዬ? ለአንተ ለመንገር እንኳ መብራት አጥፍቼ ነው የነገርኩህ።»

«እኔ በሰው ሽንት ቤት የምውል ሰው ነኝ። የትኛውም ሰው ያው ነው፣ ልንገርሽ። ንጉሥም ቢሆን።»

«አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ምክርህን ለቧንቧህ!»

በዚያው ቁጣዋ ነው ያን ነገር ያሰበችው። ጉንጩ ከኪኒኑ ነው። ኪኒኑ ከቀረ ጉንጩ ይሄዳል። ጉንጩ ከሄደ የድሮዋ መርፌ ትመለሳለች፤ አጥንቷ የሚታይ፣ ዓይኗ የጎደጎደ፣ ሲያዩዋት አንጀት የምትበላ። ያኔ ማን «ተሽሎሻል» ይላታል? ወንበሯን ራሳቸው ተሸክመው ያመጡላታል። ሐሳቡ ቀጥ ብሎ ታያት፤ እንደ ኮሌታ ጫፍ። እልኸኛ ሰው ደግሞ የተሳሳተ ሐሳብ ሲይዝ ከትክክለኛው ይበልጥ አጥብቆ ነው የሚይዘው።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ባሏ እያየ ኪኒኑን ከብልቃጡ ታወጣለች፣ ውሃውን ትጠጣለች፣ ኪኒኑን ግን በመዳፏ ይዛ ሄዳ የሸሚዝ ቁልፍ በምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ትጨምረዋለች። ነጭ ቁልፍ፣ ነጭ ኪኒን፤ ማን ይለየዋል?

እንግዲህ ጉንጩ ይከስማል ብላ መስታወት ፊት ትቆማለች። ጉንጩ ወይ ፍንክች! ሌላው ግን ሁሉ ሄደ። መጀመሪያ ጉልበቷ ሄደ፤ ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጊት መደገፍ ጀመረች። መገጣጠሚያዎቿ በመዶሻ የተቀጠቀጡ መሰላት። ያ የጅብ ረሃብ ጠፋ፣ በምትኩ ማቅለሽለሽ መጣ። የሆዷ ቁርጠት ተመለሰ፤ የጠበበው ቦታ ላይ ሆዷ እየተነፋ፣ እየተንጎረጎረ፣ የሆነ ሰው ከውስጥ በር እንደሚገፋ ያደርጋታል። ስትነሳ ቤቱ አብሮ ይነሳል። ልብስ ተኳሿ አይታት፣ «ዛሬማ ጉንጭሽ ያበራል!» አለቻት። ልብ በሉ እንግዲህ። ሞት በቀኝ በኩል ቆሞ እያዋራት፣ ጉንጯ በግራ በኩል ያበራል።

«ትንሽ ቀረኝ» ትላለች ለራሷ። «ትንሽ ታገሺ፣ ይከሳል።»

ሐሙስ ዕለት ነው። ኮሌታ ላይ አጎንብሳ ሳለች መጣ። ተነሳች። በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ስትሄድ መንገዱ ረዘመባት፣ ድምፅ ሁሉ ውሃ ውስጥ ገባ። ሜትሩ በሩቅ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲያያት፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ትዝ ይላታል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰማያዊ ጨርቅ ሽታ ነው፤ ጥቅሉ ላይ በደረቷ ወድቃ ነበር።

ቀድማ የደረሰችላት ነፍሰ ጡሯ ናት። ከነሆዷ ተንበርክካ፣ «እትዬ! እትዬ! ኧረ ሰው!» እያለች ስትጮህ፣ አንዱ «ወፍራም ሰው እኮ ሙቀት አይችልም» አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ትፈልገዋለች።

ሐኪም ቤት ስትነቃ በአንድ እጇ ጉሉኮስ ተተክሏል። ባሏ በአንድ በኩል ቆሟል፤ ወጣቷ ዶክተር በሌላ በኩል።

«እናቴ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል?»

«ኧረ እኔ! ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ።»

ባሏ ወደ ከረጢቱ ጎንበስ አለ። ልብስ ሊያመጣላት ወደ ቤት ሄዶ ነበርና፣ ከከረጢቱ ውስጥ የቁልፍ ቆርቆሮዋን አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ አልጋው ላይ ገለበጠው። ቁልፉና ኪኒኑ ብርድ ልብሱ ላይ ተበተነ።

«የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶብኝ፣ ልተክል ብዬ ነው» አለ። «ባለ አራት ቀዳዳ ስፈልግ ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ በዛብኝ።»

ዶክተሯ አንዱን ኪኒን አንስታ አየችው፣ ከዚያ ሴትዮዋን አየቻት። «ለምን?»

«ጉንጬ እንዲጠፋ።»

«እናቴ፣ መልክ እኮ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ለውበት ተብሎ...»

«የምን ውበት? ለወንበር ነው!»

ዶክተሯ ባሏን አየች። ባሏ ትከሻውን ሰበቀ። ሴትዮዋ ተቆጥታ፣ ግማሹን እያለቀሰች፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሜትሩ፣ ስለ ነፍሰ ጡሯ፣ «ተስማምቶሻል» ስለሚላት አገር ምድር ሁሉ ነገረቻት። ዶክተሯ እስክትጨርስ ሰማቻትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጉንጩ እኮ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። ወራት ይፈጅበታል። አስቀድመው የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።»

ዶክተሯ ጣቷን የገዛ ወገቧ ላይ አደረገች።

«ከእያንዳንዱ ኩላሊትዎ በላይ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች» አለች ዶክተሯ። «ኪኒኑ የሚሠራውን ሥራ በደህናው ጊዜ የምትሠራው እሷ ናት። ኪኒኑ ሲመጣላት እጇን አጣጥፋ ተኛች። እርስዎ ኪኒኑን ድንገት ሲያቆሙት እሷ ገና አልነቃችም። ማን ይሥራ? ለዚህ ነው የወደቁት። በመርፌ ባንደርስልዎት ኖሮ፣ አሁን የማወራው ከባለቤትዎ ጋር ብቻ ነበር።»

«እጇን አጣጥፋ የምትተኛው የባሌ ዘመድ ናት» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?» አለ ባሏ። ዓይኑ ግን ቀልቷል።

«የጠበበውም ቦታ ብሶበታል። መጠኑን ወደ ላይ እንመልሰውና ከዚያ ቀስ በቀስ እንቀንሳለን። አሁን የምንጀምርልዎት ሁለተኛ መድኃኒት ሥራውን እስኪረከብ ነው። ይህ ካልረገበ ግን የጠበበውን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ነው። አሁን ተግባባን?»

«መጠኑ ከፍ ሲል ጉንጬም አብሮ ከፍ ሊል ነዋ።»

«ሊል ነው።»

«ታዲያ በምን ያምኑኛል?»

«በአፍዎ ይንገሯቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

«እንዳለ።»

እንዳለ! ለሐኪም ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አንጀት እያየች ትውላለች። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያ ተኝታ ግን ነገሩን ስታገላብጠው፣ ሰው ፊት ከማፈር ይልቅ ሰው ፊት መሞት ይሻላል ብላ እንደነበር ገባት። ደግሞም ሞታ ቢሆን፣ እነዚያ ሰዎች ሬሳዋን አይተው «እንዴት ተስማምቷት ነበር» ማለታቸው አይቀርም ነበር። ይህን ስታስብ በጣም ተናደደች። ንዴቱ ከጉሉኮሱ ይበልጥ አነሳት።

ወደ ሥራ የተመለሰችበት ጠዋት ፊቷ ከመቼውም ይበልጥ ክብ ነበር። ባሏን ከነመፍቻ ሳጥኑ አስከትላ፣ ሌላው ሳይመጣ ነው የገባችው። ነፍሰ ጡሯ ግን ቀድማ መጥታ፣ ባልዲ አቅፋ ተቀምጣለች።

«እትዬ! መጣሽልኝ!» ልጅቷ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀች። «ይኸው ቦታሽ፣ ውሰጂው። እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ፊት እሄዳለሁ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ።»

«ሙች አልቀመጥም! እኔ ነኝ የገደልኩሽ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ።»

«ማን ሞተና ነው? ቁጭ በይ! ልጅሽን ታስጨንቂዋለሽ።» ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ጥጉን አየችው። በሩን፣ በዚህ በኩል የልጅቷን መኪና፣ በዚያ በኩል መስኮቱንና ሰፊውን ጠረጴዛ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሁለት ሴቶች በአንድ ወንበር ሲገፋፉ፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ የተቀመጠውን ሰው ቀና ብሎ ያየው የለም።

«አንተ» አለችው ባሏን፣ «ይሄ ጠረጴዛ ይከብድሃል?»

ባሏ አየው። እሷን አየ። ፈገግ አለ። «ከአንቺ አይከብድም።»

የጨርቅ ቆራጩና የእጅጌ ገጣሚው ሲገቡ እነሱም አገዙ፤ ጥቅሎቹን ወደ ግድግዳው ገፉ። ጠረጴዛው ከነመሳቢያው፣ ከነመቀሱ፣ ከነሻይ ብርጭቆው ቤቱን አቋርጦ መግቢያው ጋ፣ ቧንቧው ሥር ተቀመጠ። የእሷ መኪና በመስኮቱ በኩል፣ የልጅቷ በዚህ በኩል፤ በሩ በመሃላቸው። ትራሷን ወንበሯ ላይ አስተካክላ አስቀምጣ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሜትሩ ሲገባ ጠረጴዛው አደናቀፈው።

«ይሄ ምንድን ነው? ጠረጴዛዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ወደ ፊት አሳልፈንዎታል፣ አለቃ» አለች ሴትዮዋ ከጥጉ። «ብርሃን አለ፣ መንገድ እያዩ።»

«አንቺ ሴት፣ ገና ከመዳንሽ...»

«አልዳንኩም። ስሙኝ፣ ሁላችሁም አንዴ ስሙኝ፤ ሁለተኛ አልናገረውም።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ይሄም የኪኒኑ ነው ብላ ቀጠለች። «ጨጓራ አይደለም። ዋሽቻችኋለሁ። ክሮንስ ይባላል። አንጀቴ ቆስሏል፣ አንድ ቦታም ጠቧል። አይተላለፍም፣ አትራቁኝ። ሲመጣብኝ አልይዘውም፣ ለዚህ ነው የምሮጠው፤ አንድ ቀን ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ትራሴ የተቀደደው መቀመጫዬ ላይ ቁስል ስላለ ነው፣ ንግሥት ስለሆንኩ አይደለም። ጉንጬ ደግሞ የመድኃኒት ነው። ሲያብጥ አልዳንኩም፣ ሲከሳም ላልድን እችላለሁ። ጉንጬን አትጠይቁት፤ እኔን ጠይቁኝ። ጨረስኩ።»

ካውያው እንፋሎቱን «ፍሽሽ» አደረገው። የጨርቅ ቆራጩ ጫማውን ያያል።

«እኔ እኮ ድንቡሼ ያልኩሽ በፍቅር ነው» አለች ልብስ ተኳሿ በስተመጨረሻ።

«ፍቅርሽን ለካውያሽ! እጅጌው ተቃጠለብሽ።»

ልብስ ተኳሿ ጮሃ ካውያዋን አነሳች፤ እጅጌው እውነትም ቡናማ ሆኗል። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሜትሩ ግን አልሳቀም። ሜትሩን አንገቱ ላይ እየጎተተ ቆሟል።

«እሺ፣ ይሁን፣ አዝናለሁ፤ አላወቅሁም» አለ። «ግን እኔስ? እኔም እኮ ጨጓራ አለብኝ። ነፋስ ያስፈልገኛል።»

«ጉንጭዎን አየነው፣ አለቃ» አለች። «ሙሉ ነው፣ ያበራል። የተሻለው ወደ ፊት ይሂድ፣ የባሰበት ወደ በሩ ይምጣ። ፍርዱን የፈረዱት እርስዎ ነዎት።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት፣ መጣ። ሆዷ ነው፤ እሱ ለማንም ንግግር አይቆምም። ብድግ አለች፣ በሩን ከፈተች፣ ገባች፣ ቀረቀረች። ሳትሮጥ። ማንም ዞሮ ሳያያት። እዚያ ውስጥ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወራት በኋላ በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ እጇን ወደ ባልዲው ዘረጋች። ባልዲ የለም።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» ድምፅዋ በበሩ ወጣ። «ባልዲው የታል?»

ነፍሰ ጡሯ መልሳ፣ «እትዬ፣ ጠዋት አጥቤ ወደ ቧንቧው መልሼዋለሁ» አለች።

«ቧንቧው ጋ ማን አለ?»

ሁሉም ወደ መግቢያው ዞሮ አየ። ቧንቧው ሥር፣ አዲሱ ቦታ ላይ፣ ሜትሩ ብቻውን ቆሟል። ባልዲው ከእግሩ አጠገብ ነው። ግራ ቀኝ አየ። የሚያዘው ሰው ፈለገ፤ ሁሉም ወደ መኪናው አጎንብሷል። ባልዲውን ሞልቶ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ውሃውን ሱሪው ላይ እያፈሰሰ፣ ያን ረጅም መንገድ አቋርጦ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ያለከልካል።

«እንዴት ነው ይሄን ያህል የሚርቀው?» አለ።

በሩ ገርበብ ብሎ አንድ እጅ ወጣ፣ ባልዲውን ያዘ፣ ተመልሶ ገባ።

«ባልሽ ቧንቧ ሠራተኛ አልነበር እንዴ?» አለ ሜትሩ፣ ሱሪውን እየጨመቀ። «ይሄን ማጠራቀሚያ ለምን አይጠግነውም?»

ባሏ መፍቻ ሳጥኑን አንስቶ አሳየው። «ስንቴ መጥቼ ቆይ ቆይ አሉኝ?»

«ዛሬ ጠግነው! አሁን!»

«አሁንማ አይሆንም» አለች ሴትዮዋ ከውስጥ። «ሰው አለ። እስከዚያ ባልዲውን እያመላለሱ፣ አለቃ።»